የሰባተኛው በር ጠባቂ

«የጨዋታውን ሰባተኛ በር የከፈተ ልጅ እናቱ ትመጣለታለች» የሚለውን ወሬ ዘምዘም ለአክስቷ ለሉባባ ሳትደግመው አትውልም። ዘመኑ እንደ ዘምዘም እናት ባሕር ማዶ ለሥራ የሄደ ሰው ድምፁን ወደ አገር ቤት እንዳይልክ የተከለከለበት ነው፤ የተፈቀደለት ጭምብል ለብሶ ጨዋታ ውስጥ መግባት ብቻ ነው።

«ሽሮሽ ቆዳ አወጣ! የጨዋታውን መነጽር አውልቂና ብዪ። እናትሽ መጥታ አጥንት ልታቅፍ ነው?»

«አንዴ አክስቴ! ያ ጭምብላም በረኛ ዛሬ የለም!»

ሁልጊዜ ሰይፏን የሚቀማት በረኛ እውነትም ጠፍቷል። ዘምዘም በሩን በርግዳ ስትገባ የቤቱ በር ተንኳኳ። መነጽሯን ብታወልቅ እናቷ መዲና ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች።

«አላልኩሽም አክስቴ? አመጣኋት!» ብላ እናቷ ላይ ተጠመጠመች።

መዲና በቀዘቀዘው ሽሮ አጎረሰቻትና ሳቀች። «በረኛዋ እኮ እኔ ነበርኩ። ካሸነፍሽኝ ወዲያ ወደ በሩ ተመልሰሽ አትመጪም፣ አላይሽም ብዬ ነው የዘጋሁብሽ።»