የአዲሷ መኪና ኪሎ ሜትር

አንድን ሰው በሰው ፊት ሌባ ብዬ ከሥራው አስባርሬያለሁ። ጂራ ይባላል። አምቦ ውስጥ በአንድ መኪና መሸጫ ሾፌር ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አይቼው አላውቅም።

እኔ አስካለች እባላለሁ። ነርስነቱን ትቼ ትንሽ መድኃኒት ቤት ከከፈትኩ ቆይቻለሁ፤ የአምቦ ሰው ግን አሁንም ሲስተር ነው የሚለኝ። ባለቤቴ ቶሌራ መምህር ነው። ስንቆጥብ ኖረን፣ የጎደለውን ባንክ ሞልቶልን፣ ላስቲኳ ያልተነሳ አዲስ መኪና ገዛን። ባለ መሸጫው ኦቦ ሌታ መኪኖቹን ከአዲስ አበባ ያስመጣል። እየነዳ የሚያመጣቸው ጂራ ነበር።

እኛ አገር አዲስ መኪና ላይ መጀመሪያ የቤተሰብ ሽማግሌ ተቀምጦ ይመርቃታል። ቶሌራ ይህን ሲያነሳ ሳቅኩበት። የሱ አባት ከሞቱ ቆይተዋል። የኔ አባት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ቀይሬ ካገባሁ ጀምሮ አኩርፈው ከኛ ርቀው ባኮ ተቀምጠዋል።

«መኪና የምትፈልገው ቤንዚን ነው» አልኩት። «እሁድ ፓስተሩ ይጸልይላታል፣ በቃ።»

እሱም አልተከራከረኝም።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። ሴት ናት፣ አይገባትም ብለው እንዳያታልሉኝ ፈራሁ። ሚኒባስ ለሚነዳው ለእህቴ ባል ደወልኩና ጠየቅኩት፤ አዲስ የተባለች መኪና ስንት ኪሎ ሜትር ብትቆጥር ነው የምቀበላት?

«ዜሮ አትጠብቂ» አለኝ። «ከመርከብ ስትወርድም፣ ስትፈተሽም ትነዳለች። ሠላሳ፣ አርባ ይሁን። ከአዲስ አበባ እስከ አምቦ በጎማዋ ከመጣች መቶ ሃያ ጨምሪበት። ሁለት መቶን ካለፈች ግን አንድ ሰው ሠርቶባታል ማለት ነው። እንዳትቀበዪ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልረከብ ሄድኩ። ቶሌራ አብሮኝ እንዲመጣ ብጠይቀው ፈተና አርማለሁ አለ።

«አንቺ ትበቂያለሽ። ስትነሺ ብቻ ደውዪልኝ።»

ግቢው ውስጥ ደላሎች ቆመው ያወራሉ። ኦቦ ሌታ «አካም ጂርቱ ሲስተር፣ እንኳን ደስ ያለሽ» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። መኪናዋ ታጥባ ታበራለች። ገብቼ ሞተሩን አስነሳሁና ቁጥሩን አየሁ። 418 ይላል።

ወረድኩና የኋላውን በር ከፈትኩ። የአንደኛው ወንበር ላስቲክ ተጨማዷል። ከሥሩ የገብስ ቆሎ ተንጠባጥቧል።

«ኦቦ ሌታ፣ አዲስ የምትላት ይህቺን ነው?»

ኦቦ ሌታ ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። እሱ ሳምንቱን አዲስ አበባ ነበር የሰነበተው። ጂራን ተጣራ። ጂራ አርባ ዓመት ያለፈው ረጋ ያለ ሰው ነው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ይህቺን የት ይዘሃት ሄድክ?» አለው ኦቦ ሌታ።

«ከአዲስ አበባ አመጣኋት።»

«ከዚያስ?»

ጂራ ወደኔ ተመለከተ። ፈገግ ያለ መሰለኝ፤ ይህ ይበልጥ አናደደኝ።

«ሲስተር፣ ለመምህር ቶሌራ ቢደውሉላቸው?»

«ለምን? ወንድ ካልመጣ ቁጥር ማንበብ አልችልም?»

ደላሎቹ ሳቁ። አንዱ «ጂራ፣ ዛሬ አገኘችህ» አለው።

«እንደሱ ማለቴ አይደለም። እስከ ማታ ብቻ ይታገሱኝ።»

«እስከ ማታ ቆጣሪውን ወደኋላ ልትመልስልኝ ነው?»

ሳቁ ጨመረ። ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልደብቅም።

«ተሳፋሪ ጭነሃል?» አለው ኦቦ ሌታ።

«አንድ ሰው ብቻ።»

«ስንት ተቀበልከው?»

«ምንም።»

«ጻድቅ ነዋ» አልኩ እኔ። «በሰው መኪና የሚጸድቅ ሌባ።»

ጂራ ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ኦቦ ሌታ ቁልፎቹን ተቀበለውና ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ግቢ እንዳላይህ አለው። ከደላሎቹ አንዱ ጠጋ ብሎ ልጆች አሉት እኮ፣ ሲስተር፣ አለኝ።

«እሱ ያስብበት ነበር» አልኩት።

ጂራ ቱታውን አውልቆ የጥበቃው ቤት መስኮት ላይ አንጠለጠለው። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ።

«በሰላም ይንዷት፣ ሲስተር።»

የሚያሾፍብኝ መሰለኝ።

ኦቦ ሌታ ይቅርታ ጠይቆ ከከፈልነው ላይ ጥቂት ብር መለሰልኝ። ለቶሌራ ደወልኩና መነሳቴን ነገርኩት። «የሠራሁትን ብትሰማ ትኮራብኛለህ» አልኩት። እሱም የራሱ የሆነ ሳቅ ይዞት ነበር፤ ቶሎ ነዪ ብቻ አለኝ። መንገዱን ሁሉ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ነዳሁ።

ቶሌራ የግቢውን በር ከፍቶ ጠበቀኝ። አፌን ሳልከፍት ክንዴን ይዞ ወደ ሳሎን አስገባኝ። አባቴ ጋቢያቸውን ለብሰው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አንስተው ሳሙኝ፤ እንባቸው ጉንጬን ነካኝ። ከዚያ ከትከሻዬ በላይ አሻግረው ወደ በሩ ተመለከቱ።

«ጂራ የታለ?» አሉኝ። «ቶሌራ ልኮት መጥቶ፣ አልሄድም ስለው ባኮ ደጄ ላይ ቆሞ ለምኖ፣ ተቀምጠው ይመርቁላት ብሎ በመኪናሽ አምጥቶ፣ ትናንት ቤቱ ያሳደረኝ እሱ ነው። ልጅዎ ስታይዎት ፊቷን ማየት ብቻ ነው የምፈልገው ብሎኝ ነበር።»

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ይቅር በሉኝ።