የአባዬ ካፖርት

እናቴ ከደሴ በደወለች ቁጥር ወሬዋ ሁሉ የጎረቤታችን ልጅ አስራደ ነው። ጣሪያውን አደሰልኝ፣ ሐኪም ቤት ወሰደኝ፣ ከጎኔ አልጠፋ አለ ትለኛለች። እኔ እዚህ ጅቡቲ ወደብ ላይ ዕቃ ሳራግፍ፣ እሱ እዚያ ቦታዬን ወረሰ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ «የአባትህን ካፖርት ለአስራደ ሰጠሁት» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። «ለእኔ የተባለውን ካፖርት? አባዬ ዝም አለሽ?»

«ምን ይላል ብለህ ነው፣ ልጄ?»

«እንግዲያው ልጅሽ እሱ ይሁን!» ብዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ስትደውል አላነሳሁም።

ዛሬ ገና ጎህ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት፣ እዚህ ያሉት ያገሬ ሰዎች ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከኋላቸው ከደሴ የመጣው አስራደ፣ ካፖርቱን በክንዱ ታቅፎ «እናትህ በስልክ ልትነግርህ አልቻለችም» እያለ ያለቅሳል።