ምስጥ የማይነካው ግድግዳ

«እኔ አይደለሁም አልኩዎት እኮ፣ እማማ!»

«ታዲያ ግድግዳው ራሱን በላ?» አሳየሽ ከምራቷ አልጋ ጀርባ ባትሪ አበራች። «ይኸውልሽ፣ የጣት ምልክት ነው። አይጥ ጥፍር አሳድጎ ነው?»

ትርፌ አምስት ወር የሞላው ሆዷን አቅፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ተያት በቃ» አለች ብሩክታይት ከበሩ ላይ። ብሩክታይት የአሳየሽ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ አስራ ሁለተኛ ክፍል። «እርጉዝ ሰው እንዲህ ይጮኽበታል? ጎረቤት እየሰማ ነው።»

«ይስማ!» አለች አሳየሽ። ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

የጮኸችው በምራቷ ላይ ቢመስልም የተናደደችው በራሷ ነበር። ልጇ ኤርካሎ ትርፌን ሊያገባ ሲል ለሙሽራዋ ክፍል ማን አፈር አመጣ? እሷ። አሮጌውን ቤት ምስጥ ጨርሶት ስለነበር ሰው ሁሉ ቀዩን አፈር ከጭድ ጋር አቡክቶ ሲለስን፣ እሷ ከገሱባ መንገድ ወረድ ብሎ ካለው አሮጌ ገንዳ ዙሪያ ግራጫውን አፈር በአህያ አስጫነች። ገንዳው ድሮ ከብት መዥገር እንዲለቀው መድኃኒት ውስጥ የሚነከርበት ነበር። በዙሪያው ሣር አይበቅልም፣ ምስጥም አይወጣም። «የኔን ግድግዳ ምስጥ አፍንጫውን አያስጠጋበትም» እያለች ስንት ጎረቤት ላይ ጉራዋን ነዝታለች!

ከዚያ ሚልክያስ የሚባል የላቦራቶሪ ባለሙያ የአካባቢውን አፈር ሊመረምር ከሶዶ መጣና ምስጡ ለምን እንደሸሸ ነገራት። አፈሩ ከመዥገሩ መድኃኒት የቀረ አርሴኒክ የሚባል መርዝ አለበት።

«እኛ ግድግዳ አንልስም፣ ምን ያደርገናል?» ብላው ነበር።

«አፈሩ ውስጥ መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ እማማ። እኛ የምንፈልገው ሰውነት ምን ያህሉን እንደሚወስድ ማወቅ ነው። አንዳንዱ አፈር መርዙን አጥብቆ ይይዝና እንደገባ ይወጣል። አንዳንዱ ደግሞ ሆድ ውስጥ ይለቀዋል። ሰውነት የወሰደው በሽንት ይታወቃል።»

«አፈር ለበላ ሰው ነዋ።»

«ለበላ ሰው።» ሚልክያስ ፈገግ አለ። «እሱን እናንተ እናቶች ታውቁታላችሁ።»

አሳየሽ ታውቀዋለች። ኤርካሎን ያረገዘች ጊዜ ዝናብ የነካው ግድግዳ ሽታ አላስቀምጥ ብሏት፣ አማቷ ዞር ሲሉ እየፈረፈረች ትበላ ነበር። ያኔ የበላችው ግን ቀይ አፈር ነው። የልጅ ልጇን ግራጫውን መርዝ የምታበላው እሷ ናት።

ከጭቅጭቁ በማግስቱ ሚልክያስ ክዳን ያላቸው የሽንት መቀበያ ዕቃዎች ይዞ መጣ። ኤርካሎ በቤሌ መስመር በሹፌርነት ስለሚሠራ ቤት አልነበረም። ሚልክያስ ዓሣ የበላ ሰው እንዳለ ጠየቀ፤ ዓሣም በሽንት የሚገኘውን መጠን ከፍ ያደርገዋልና። ማንም አልበላም።

«የኔ ብቻ አይበቃም?» አለች ትርፌ ቶሎ ብላ።

አሳየሽ ወደ እሷ ዞረች። አመነች ማለት ነው!

«ቤቱ ውስጥ የሚያድር ሁሉ ይሰጣል» አለ ሚልክያስ።

«እኔ ምን አገባኝ?» አለች ብሩክታይት። «ግድግዳው ያለው የሷ ክፍል ነው።»

«አንቺስ ኤርካሎ በሌለ ጊዜ እዚያ አይደለም የምታድሪው? አትጨቃጨቂ፣ ስጪ!» አለች እናቷ። ሦስቱም ሰጡ።

ውጤቱ እስኪመጣ አሳየሽ የትርፌን አልጋ ሳሎን አወጣች፣ ክፍሉን ቆለፈች፣ ወተት አስጠጣቻት። ትርፌ ወተቱን ትጠጣለች፤ ስለ ግድግዳው ስትጠየቅ ግን ብርጭቆውን ይዛ ትነሣለች። በመጨረሻ አሳየሽ ትዕግሥቷ አለቀ።

«እውነቱን ካልነገርሽኝ ወላጆችሽ ዘንድ እወስድሻለሁ። ሕፃኑ አንድ ነገር ቢሆን ኤርካሎን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

ትርፌ ቀና ብላ የቦይና ሥር የምትልጠውን ብሩክታይትን አየቻት። ከዚያ አንገቷን ደፋች።

«እሺ፣ እማማ። እኔ ነኝ የበላሁት። ይቅር ይበሉኝ።»

ብሩክታይት ቢላዋውን ጥላ ማልቀስ ጀመረች። አሳየሽ ልጇ እንዲህ ሆደ ቡቡ መሆኗን አታውቅም ነበር። ኑዛዜው ግን ለራሷ ዕረፍት አልሰጣትም። የበላችውስ ትርፌ ናት፤ ያቀረበላት ማነው?

ሚልክያስ ውጤቱን ይዞ ሲመጣ ሦስቱም ሳሎን ነበሩ። የቀረበለትን ወንበር እንደያዘ ቆመ።

«እማማ፣ የእርስዎ ደህና ነው። አንዷ ላይ ግን በጣም ከፍ ብሏል። አፈሩ መርዙን ሆድ ውስጥ የሚለቅ ዓይነት ነው። ሐኪም ቶሎ ማየት አለበት።»

አሳየሽ ትርፌን በክንዷ ይዛ አስነሣቻት። «አውቄዋለሁ፣ ልጄ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አፈሩን ያስመጣሁት እኔ ነኝ። ዛሬውኑ እንሂድ።»

«ትርፌ ደህና ናት» አለ ሚልክያስ።

«እንዴት ደህና ትሆናለች? ራሷ እኮ በልቻለሁ ብላለች!»

ትርፌ ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ፊቷን አዞረች።

«ከፍ ያለው የብሩክታይት ነው» አለ ሚልክያስ።

«ተቀያይሮባችሁ ነው!» አሳየሽ ሳቀች። «አፈር የሚያምረው እርጉዝን እንጂ…» አለችና፣ ሳትጨርሰው ወደ ልጇ ዞረች።

ብሩክታይት ከበርጩማዋ ተነሣች፤ ሁለት እጆቿን ሆዷ ላይ አቆላልፋ በጓሮ በር ወጥታ ሄደች።