ድንኳን የተከለከለው ለቅሶ

«አይወጣም አልኩ… ድንኳኑ አይወጣም።»

የቅሬው ዳኛ ጋሽ አምባዬ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ኪሳቸው ከተቱ።

ቦታው ደሴ ነው፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር። ሰዓቱ ረፋድ።

እትዬ የኔነሽ ጠዋት አርፈዋል። ቀብራቸው ዘጠኝ ሰዓት ነው… ቀባሪ ግን የለም።

ቅሬ ማለት እናንተ እድር የምትሉት ነው። ወሎ ውስጥ ከቅሬ የተሰረዘ ቤት ሞት ሲመጣበት ብቻውን ነው። በቃ።

ሀናን ከመንገዱ ማዶ ቆማ ሁሉንም ትሰማለች።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ያን ቤት ከቅሬ ያሰረዘችው እሷ ናታ…

ነገሩ እንዲህ ነው።

ሀናን ኮምቦልቻ ክር ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ስሟን ደብቃ ዘጠና ሺህ ተከታይ ያለው የቴሌግራም ቻናል ታስተዳድራለች።

ያ ሰሞን ሕዝቡ «ሥልጣን ይልቀቁ» ብሎ አደባባይ የወጣበት ነው። ፖሊስም ዱላውን ይዞ ወጥቷል። ኔት ይጠፋል፣ ይመጣል፣ ደግሞ ይጠፋል።

አንድ ቀን ኔት ብልጭ ሲል፣ ስሙን ያልገለጸ ሰው የአርባ ሰባት ሰከንድ ቪዲዮ ላከላት።

ፖሊስ መሬት ላይ የወደቀ ወጣት ይደበድባል። ወጣቱ ፊቱን ለመከላከል እጁን አነሳ… እጁን መታው። ደግሞ መታው።

ሀናን ቪዲዮውን ደግማ ከፈተችው።

የሚደበደበው ታናሽ ወንድሟ ሙባረክ ነበር።

ከቪዲዮው ሥር እንዲህ ይላል፦ «የመታው ፖሊስ ምንተስኖት ይባላል። በሕግ ይጠየቅ። እንዳይታለፍ።»

«ጀግና ነህ ወንድሜ፣ አላህ ይጠብቅህ» ብላ መለሰችለት። ቪዲዮውን ለቀቀችው። አገር ምድሩ ተቀባበለው።

ከዚያስ? ምንተስኖት ታሰረ?

የት አባቱ… በሦስተኛው ቀን ወደ ሌላ ከተማ አዛወሩት።

ሀናን እንቅልፍ አጣች። ወንድሟ ብየዳ የሚሠራበት ቀኝ እጁ ሁለት ቦታ ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል። ሰውየው ደግሞ የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ ይጠጣል።

አጠያየቀችና ጻፈች፦ «የምንተስኖት እናት ቧንቧ ውሃ ሱቅ አላት። እንዲህ ያለ ሰው ያሳደገ ቤት ቅሬ አይገባውም።»

ሠላሳ ሺህ ሰው ሼር አደረገው። ቅሬውም የሰው ዓይን ፈራና ቤቱን ሰረዘ።

ያ ስም የለሽ ሰው ወዲያው ጻፈላት፦ «ጥፋተኛውን ያዙ እንጂ ቤቱን ለምን?»

«ካድሬ» አለች ሀናን… ብሎክ አደረገችው።

ይኸው ወሩ ነው። ዛሬ እትዬ የኔነሽን ስኳር በሽታቸው ጣላቸው።

«ለቅሶ ልደርስ ነው» አለ ሙባረክ፣ አጠገቧ ቆሞ።

«አብደሃል? የመታህ ሰውዬ እናት እኮ ናት።»

«የተመታሁት ሱቃቸው በር ላይ ነው ሀኒ። ፖሊሶቹ ሲሄዱ ወጥተው ውሃ ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው። ወላሂ እገባለሁ።»

ገባ። እሷም እየተነጫነጨች ተከተለችው።

ቤት ውስጥ ያሉት አራት ሰዎች ናቸው። የሟች ልጅ ጽናት የእናቷን ስልክ ወደ ደረቷ አስጠግታ ተቀምጣለች። የሙባረክን ጀሶ ስታይ ቀና አለች።

«አንተ ነህ?… እማዬ ስላንተ ስትጠይቅ ነው የሞተችው።»

«ማንን ስትጠይቅ?»

«ይሄን ቻናል። ስትለምነው ነበር። የሚመልስላት አጣች።»

ስልኩን አሳየቻቸው።

ሀናን የገዛ ቻናሏን ምልክት አየች።

ከላይ ያ ቪዲዮ አለ። አርባ ሰባት ሰከንድ። በሱቅ በር ክፍተት የተቀረጸ… ዳር ላይ የብረት በሩ ጥቁር ጥላ ይታያል። ያን በር አሁን ሲገቡ አልፈውታል።

ቀጥሎ የራሷ መልስ፦ «ጀግና ነህ ወንድሜ…»

ብሎክ ካደረገች በኋላ የተላኩት ግን አንዳቸውም አልደረሷትም።

«ልጄ፣ እኔ እናቱ ነኝ። የቀረጽኩት እኔ ነኝ።» አንድ ራይት።

«ለኔስ ግድ የለም። ሴት ልጄ ግን ብቻዋን እንዳትቀር።» አንድ ራይት።

የመጨረሻው የማክሰኞ ነው፦ «ያ የተመታው ልጅ እጁ ዳነ? እሱን ብቻ ንገሩኝ።»

አንድ ራይት።

ሀናን ወጣች። መንገዱን ተሻገረች።

«ጋሽ አምባዬ፣ ድንኳኑን ያውጡልን።»

«ያ ቻናል ምን ይለናል ልጄ?»

«ቻናሉ እኔ ነኝ።»

ፖሊስ ያን ስም ለማግኘት ስንት ቤት በርብሯል። እሷ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገድ ላይ ተናገረችው።

«ቪዲዮውን የላኩልኝ እትዬ የኔነሽ ናቸው። በገዛ ልጃቸው ላይ መሰከሩ… እኛ ደግሞ እሳቸውን ቀጣን።»

ጋሽ አምባዬ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዱ። ከዚያ ቁልፉን አወጡ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንገዱ ሞላ። ሙባረክ በደህናው እጁ ሣጥኑን ያዘ። ምንተስኖት አልመጣም።

ሀናን ከቀብር መልስ ብሎኩን አነሳችና ጻፈች፦ «እጁ እየዳነ ነው እማማ።»

ጽናት እጅ ላይ ያለው ስልክ ነዘረ። ከፈተችው።

የሀናን ስልክ ላይ ሁለት ራይት።

ወዳጆቼ… ደብዳቢን አታጋልጡ እያልኩ አይደለም። አጋልጡ፣ እንዳይታለፍ። ግን ጥፋተኛው ሲያመልጣችሁ ቁጣችሁን ቅርብ በተገኘ ሰው ላይ አትወጡ። እኔም ያን ጽሑፍ ሼር ካደረጉት አንዱ ነኝ፣ ቅር እያለኝ ነው የምነግራችሁ።

እስቲ ሳትዋሹ መልሱልኝ…

የሚደበድበው የገዛ ልጃችሁ ቢሆን፣ ያን ቪዲዮ ትልኩት ነበር?