የንባብ ክፍሉ ግድግዳ

የግንበኛው ሚስት ከአሮጌው ቤተ መጻሕፍት ደጃፍ ተቀምጣ መሐንዲሱን መራገም ከጀመረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። መንግሥት ለሹማምንቱ መኪና መግቢያ ይሁን ብሎ፣ ሟች ባሏ የገነባውን የንባብ ክፍል ግድግዳ በእሱ እያስፈረሰ ነበር። የፈረሰው ግን ሁለቱንም ቀን በማግስቱ ተገንብቶ ተገኘ።

«እማማ፣ ማንን እየላኩ ነው የሚያስገነቡት?» አለ መሐንዲሱ የክፍሉን ቁልፍ እያንቃጨለ።

«ቁልፉ ያለው አንተ እጅ! እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

«ታዲያ ባልዎ ተነሥተው ነው?»

«እሱ ቢነሣማ ግንብ የሚያቀናበትን ቱምቢ መጀመሪያ የሚጥለው አንተ ላይ ነበር፤ ጠማማ!»

ሠራተኞቹ ምሳ ወጥተዋል፤ ክፍሉም፣ ከፈረሰው ግድግዳ ውጭ ያለው ግቢም ተቆልፈዋል። ከውስጥ ግን ብረት ድንጋይ ላይ ሲፋቅ ተሰማ።

መሐንዲሱ ከፍቶ ገባ፤ እሷም ተከተለችው። ማንም የለም። ጠዋት የፈረሰው ግን እስከ ጉልበት ተገንብቶ፣ ኖራው ገና ይንጠባጠባል። መሐንዲሱ አንድ እግሩን ግንቡ ላይ አሳርፎ ወደ ውጭ ተመለከተ። ውጭም ሰው የለም።

ያኔ ሴትዮዋ አርባ ዓመት አብራው የኖረችው ድምፅ፣ ከመሐንዲሱ ጆሮ ሥር፣ ሥራው እንደ ተስተጓጎለበት ሰው በቁጣ ተናገረ፦

«እግርህን አንሣ። የሚቀጥለው ድንጋይ እዚያ ነው።»