የሃዋይ ሰዎች መጽሐፍ

ሴትዮዋ የአሮጌ መጽሐፍ ተራን ስትዞር ውላ እግሯ ዝሏል። የሃዋይን ሰዎች ታሪክና ተረት የያዘ መጽሐፍ ሳትይዝ ነገ አውሮፕላን ላይ አትወጣም፤ ብላለች፣ አለቀ።

«እትዬ፣ ሰው ሃዋይ የሚሄደው ለመዋኘት ነው፤ እርስዎ ለፈተና ነው እንዴ?» አለ ተራው ጫፍ ላይ ያለው ሻጭ እየሳቀ። ግን ከክምሩ ሥር አንድ ወፍራም መጽሐፍ መዝዞ አወጣ። «ይኸውልዎ። በእንግሊዝኛ ነው፤ ያነባሉ?»

«የት አውቄ! አንተው ፈልግልኝ። ጥንት ሰው ሲሞትባቸው ምን ያደርጉ ነበር?»

ሻጩ ሳቁን ዋጠ። ገለጥ ገለጥ አድርጎ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «አጥንት ክቡር ነው ይላል። የሟቹ ኃይል አጥንቱ ውስጥ ይኖራል ብለው፣ ማንም እንዳይነካው ደብቀው ይቀብሩት ነበር።»

«ይቀብሩት ነበር?» ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው። «አፈር ውስጥ? በደንብ እየው፣ ወንድሜ!»

«አፈርም ውስጥ፣ ዋሻም ውስጥ ይላል።»

«እሱን ገጽ እጠፍልኝ» አለች፤ እንባዋ መጽሐፉ ላይ ተንጠባጠበ። «የልጄ ባል የዚያ አገር ሰው ነው። እስክደርስ ሬሳዋን እንዳያቃጥለው ለምኜዋለሁ።»