ገመድ ያዡ

«ብላ» አለች ሴቫስቲ፣ ሳህኑን ወንድሟ ጉልበት ላይ አስቀምጣ። እሷም አጠገቡ፣ ጠላቂዎች ከባሕር ያወጡት፣ ገና ገዢ ያላገኘ የስፖንጅ ክምር ላይ ቁጭ አለች።

ሳህኑ ላይ ያለው የባሏ የአርባው ቀን ስንዴ ነው። ራሷ ቀቅላ፣ ስኳር ነስንሳ፣ የሮማን ፍሬ ጣል ጣል አድርጋበት፣ ጠዋት ቄሱ ባርከውታል። በፍሎሪዳዋ የታርፖን ስፕሪንግስ ከተማ ያለ ግሪክ ሁሉ አንድ አንድ ማንኪያ ቀምሶ «ነፍስ ይማር» ብሏት ወደ ሥራው ሄዷል። ታናሽ ወንድሟ ያኩሚስ ብቻ ሳይመጣ ቀረ። ሴቫስቲ አልተቀየመችም። አላለቀሰችምም። ባሏን ሳኬላሪስን በሸራ ጠቅልለው ከጀልባው ካወረዱላት ወዲህ ምንም አይሰማትም፤ ቤት ትጠርጋለች፣ ምግብ ታቀርባለች፣ ሰው ሲያቅፋት ትታቀፋለች፣ በቃ። አሁንም ሳህኑን በፎጣ ሸፍና ወደ ወንዙ ዳር የወረደችው ሆድ ብሷት ሳይሆን ጉዳይ ስላላት ነው።

ጉዳዩ ልጇ ነው። ድሮሶስ ነገ የአባቱን የመጥለቂያ ልብስ ለብሶ ስፖንጅ ሊለቅም ይጠልቃል። ተው ብትለው አልሰማ አለ፤ እምቢተኝነቱን የወረሰው ከእሷ ነው። እንግዲያው ገመዱን አጎቱ ይያዝለት ብላ ቆርጣለች። እዚያ ሰፈር ያለች ሴት የባሏንም ሆነ የልጇን ገመድ ከወንድሟ ሌላ ሰው እንዲነካው አትወድም። ጠላቂ ባሕር ውስጥ ከገባ አፍ የለውም፤ የሚናገረው በገመድ ነው። አንዴ ሲስብ «አላላልኝ» ማለቱ ነው፤ ደጋግሞ ሲስብ «አውጣኝ»። ከላይ ጀልባው ላይ ገመዱን የያዘው ሰው ይህን በጣቱ ይሰማል።

«ነገ አብረኸው ትወጣለህ» አለችው።

«ሌላ ሰው ይያዝለት፣ እታለም።»

«ማን?»

«ካፒቴኑ ያንን የሲሚ ደሴት ሰው ይቅጠረው።»

«የሲሚ ሰው ገመድ እንደያዘ ያንኮራፋል ስትል የኖርከው አንተው አይደለህ?»

ያኩሚስ ሊስቅ ሞከረና ተወው። እንዲፈትሸው የተሰጠው አዲስ ገመድ በቀኝ መዳፉ ውስጥ አልፎ እሷ እግር ሥር ድረስ ተዘርግቷል። ሌላ ሰው ገመድ የሚፈትሸው እየዳሰሰ ነው፤ እሱ ግን ስትመጣ ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ሲያየው ነበር ያገኘችው። ያኔ ልብ አላለችውም።

ሳኬላሪስ ሲጠልቅም ገመዱን የያዘው ያኩሚስ ነበር። ያስያዘችውም እሷ ናት። ባሌን ለባዳ አልሰጥም ብላ ጀልባው ላይ ተቀምጣ አልወርድም ስትል፣ ካፒቴኑ ደከመውና እሺ አላት። ከዚያ ያ ቀን መጣ። ከጀልባው አየር የሚያወርድለት ቱቦ ከታች ድንጋይ ላይ ተጠምዝዞ አየር አቋረጠበት፤ ሳኬላሪስ ገመዱን ለመሳብ እንኳ ጊዜ አላገኘም አሉ። መጀመሪያ እንዲህ ያለው ያኩሚስ ነው፤ ሌሎቹም ተቀበሉት፤ እሷም ተቀበለች።

«ፈርተሃል» አለችው።

«አዎ፣ ፈርቻለሁ።»

ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው። የሳህኑን ፎጣ ማጣጠፍ ጀመረች።

ከአውቶቡስ የወረዱ ጎብኚዎች ጀልባውን ከበዋል። ካፒቴን ቴሜሊስ ሻርክ በቡጢ ስለጣለው አጎቱ ይተርክላቸዋል፤ ሻርኩ ከዓመት ዓመት እየረዘመ ነው። ድሮሶስ የአባቱን የመጥለቂያ የመዳብ ራስ ቁር ታቅፎ ፎቶ ይነሳል። አንዲት ባለ ባርኔጣ ሴትዮ ካሜራዋን ወደ እነሱም አዞረች። ጥቁር የለበሰች ሴት ስፖንጅ ላይ ተቀምጣ፣ አጠገቧ ገመድ የያዘ ወንድ፤ ለፎቶ ሳያምሩ አልቀሩም።

ያኩሚስ በዚያው በቀኝ እጁ ሲጋራ ይዞ ስለ ነገው ንፋስ ማውራት ጀመረ። ከደቡብ ነው የሚመጣው አለ። ቀላል ነው፣ ውሃውም አይደፈርስም።

ሴቫስቲን ቀና ያደረጋት ሽታው ነው። የትምባሆ አይደለም። እሳቱ ጣቶቹ መሃል ደርሶ ቆዳውን ይበላል። ወንድሟ ድሮ ጠላቂ ሳለ አንድ ቀን ከጥልቁ ቶሎ ወጥቶ፣ ጠላቂዎች እንደሚሉት ባሕር መትቶት ነበር፤ እግሩን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይጎትታል። እጁም ደንዝዞ ነበር። እጄስ ድኗል ብሎ ማለላት፤ ገመድ ያዥ የሆነውም ከዚያ በኋላ ነው።

 ጎንበስ ብላ ከእግሯ ሥር የገመዱን ጫፍ አነሳችና አንዴ በቀስታ ሳበችው።

ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይዞር ይሆናል አለ ያኩሚስ።

ደጋግማ ሳበችው። ገመዱ መዳፉ ውስጥ ተንሸራተተ። እሱ ውሃውን ያያል።

ሳኬላሪስ ገመዱን ለመሳብ ጊዜ አላገኘም ብለዋት ነበር።

«ሴቫስቲ!» ብሎ ተጣራ ካፒቴኑ ከጀልባው ላይ። «ተስማማልሽ ወይ ወንድምሽ?»

ድሮሶስም የራስ ቁሩን እንዳቀፈ ወደ እነሱ ዞሮ መልሱን ይጠብቃል።

«የሲሚውን ሰው ይቅጠሩት» አለች። ድምጿ ዳቦ እንደምትገዛ ሴት ድምፅ ነው።

ያኩሚስ ዞረ። መጀመሪያ ፊቷን አየ፤ ቀጥሎ እጇ ላይ ያለውን ገመድ፤ ከዚያ የሚጤሰውን ጣቱን። ሲጋራውን ወንዙ ውስጥ ጣለው። ማንኪያውን በግራ እጁ አነሳ፤ ግማሹ ስንዴ ሱሪው ላይ ፈሰሰ፣ የቀረውን ጎረሰ።

«ነፍስ ይማር» አለ።

ቀኝ እጁ ገመዱን እንደያዘ ነው። እሷም ጫፉን አልለቀቀችም፤ በየመሃሉ ሳብ ታደርገዋለች።